አራት ሆናችሁ ለምትጫወቱ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፣

በስትሪንግ ኳርቴት (ሁለት ቫዮሊን፣ ቪዮላና ቼሎ) የክላሲካሉን ዘመን አቀናባሪ ሃይድንን፣ የሃያኛው ክፍለ ዘመኑን ባርቶክንና ገና ቀለሙ ያልደረቀ አዲስ ሥራን በአንድ ምሽት ለማቅረብ ስትነሡ ልምምዱን ለሁለት አትክፈሉት። ለክላሲካሉ ለስላሳ ድምፅ፣ ለዘመናዊው ቆጠራ ብቻ የሚል ቡድን ሁለቱንም ያጎድላል። ሁለቱንም የሚሸከመው አንድ ጆሮ ነው፤ እሱም የሚሠራው ከመቃኘት ጀምሮ ነው።

የቼሎና የቪዮላ ክሮች ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ የቫዮሊን ደግሞ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ናቸው። ሁላችሁም ከላ ተነሥታችሁ በክሮቹ መካከል ያለውን ፊፍዝ (እንደ ከዶ እስከ ሶል ያለ የአምስት ድምፅ ርቀት) ፍጹም ንጹሕ አድርጋችሁ ብትቃኙ፣ የቼሎው ዶ ወደ ታች፣ የቫዮሊኑ ሚ ወደ ላይ ይሸሻሉ። በዶ ሜጀር ኮርድ (ዶ፣ ሚና ሶል አብረው ሲሰሙ) ሲገናኙ ሚው ከሚፈለገው በ22 ሴንት ገደማ ከፍ ይላል፤ ሴንት የግማሽ ቶን አንድ መቶኛ ነው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የስሌቱ ጠባይ ነው። ንጹሑን 702 ሴንት ፊፍዝ ወደ 700 ብታጠብቡት ልዩነቱ ወደ 14 ይወርዳል። የቀረውን ጣት ያስተካክለዋል፤ እንዲህ ባለ ኮርድ ላይ ሚን በባዶ ክር (ጣት ሳታሳርፉበት) አትጫወቱት፣ በላ ክር ላይ በአራተኛ ጣት ያዙት።

ኮርድ አልጠራ ሲል ቪብራቶ (ድምፁን በጣት ማርገብገብ) ይቁም። ቼሎው ብቻውን ይጀምር፤ ያንኑ ድምፅ በኦክታቭ የያዘው ይከተለው፣ ከዚያ ፊፍዙ ይግባ፣ የኮርዱ ሦስተኛ ድምፅ (በዶ ሜጀር ሚ) በመጨረሻ። አራቱም በአንድ ጊዜ ጣታቸውን ካንሸራተቱ ማን እንደሳተ አይታወቅም፤ ኮርዱም እየተሳበ ከፍ ይላል።

ለዚህ ጆሮ ከሃይድን የ1797 ኳርቴት፣ ኦፐስ 76 ቁጥር 3፣ ሁለተኛው ክፍል የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። ዜማው ሳይለወጥ ወደ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ወደ ቼሎ፣ ወደ ቪዮላ ያልፋል፣ በመጨረሻም ወደ አንደኛ ቫዮሊን ይመለሳል። ተቀባዩ የሰጪውን የደጋን ፍጥነትና ደጋኑ ክሩን የሚነካበትን ቦታ እስኪወርስ ድረስ ደጋግሙት።

አዲስ ሥራ ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር ለመጫወት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሙሉውን ስኮር (የአራቱም ኖታ አንድ ላይ የተጻፈበትን) አንብቡ፤ በየኖታችሁ ላይ ከእናንተ መግቢያ በፊት የሚሰማው ማን እንደሆነ፣ ምልክት የሚሰጠውም ማን እንደሆነ በእርሳስ ጻፉ። የመግቢያ ትንፋሻችሁ በሚመጣው ቴምፖ (ፍጥነት) ካልሆነ ሌሎቹ ይሳሳታሉ። ሜትሩ (የምቱ አቆጣጠር) በየባሩ የሚለዋወጥ ከሆነ በግማሽ ፍጥነት ጀምሩ፤ አንዱ የስምንተኛ ኖታውን ምት ጮክ ብሎ ይቁጠር፣ ሦስቱ ይጫወቱ፣ ቆጣሪው ይቀያየር።

ስለ ድምፅ ቀለም አትፍሩ። ሱል ፖንቲቼሎ (ክሮቹን በሚደግፈው እንጨት፣ በብሪጁ አጠገብ መጫወት) ሲባል ብዙዎች ወደ ብሪጁ ትንሽ ጠጋ ብለው ይቆማሉ፤ የሚሰማው ደካማ ተራ ድምፅ ይሆናል። ደጋኑ ብሪጁን እስኪነካ ቅረቡ። ኮል ሌኞ (ክሩን በደጋኑ እንጨት መጫወት) የደጋኑን እንጨት ይፍቃል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ርካሽ ደጋን ይኑራችሁ። ባርቶክ በ1928 በጻፈው አራተኛ ኳርቴት ውስጥ ላለው የሚጮኽ ፒዚካቶ (ክርን በጣት መሳብ) ክሩን ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አለዚያ ተመልሶ ፊንገርቦርዱን (ጣት ክሩን የሚጫንበትን ሰሌዳ) አይመታም። ከዚያ በኋላ ክሩ ሊላላ ስለሚችል ቀጣዩን ክፍል ከመጀመራችሁ በፊት ቅኝቱን ፈትሹ።

በአዲሱ ሥራ የለመዳችሁትን ጥንቃቄ ወደ ሃይድን መልሱት። አንድ ፒና ሁለት ፒ (ቀስ ብሎና በጣም ቀስ ብሎ የሚሉት የድምፅ መጠን ምልክቶች) እዚያ ከተለያዩ እዚህም ይለያዩ።

አራት ሰው ስለሆናችሁ ድምፅ ብትሰጡ ሁለት ለሁለት ትቀራላችሁ። አትከራከሩ፤ ሁለቱንም አማራጭ ከልባችሁ ተጫወቱ፣ ቅዱት፣ በማግስቱ ስሙት።

አዲስ ክር የምትጭኑ ከሆነ ከኮንሰርቱ አንድ ሳምንት ቀድማችሁ ጫኑ፤ አዲስ ክር እየተለጠጠ ቅኝት አይይዝም። ክርን የሚያናውጠውን ሥራ ከዕረፍት በፊት አድርጉት፣ ከመድረክ ጀርባ ለመቃኘት ጊዜ ታገኛላችሁ። አቀናባሪው በሕይወት ካለ ጥያቄያችሁን በባር ቁጥር ዘርዝራችሁ ቀድማችሁ ላኩለት፤ ለእጅ የማይመች ኮርድ ካለ አማራጭ ጣት ጽፋችሁ አያይዙ።