ክራር ይዘሽ ጎንደር ነሽ፤ ሙዚቃን በኦንላይን መማር ያዋጣሻል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይሄ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሰሻል። ጎንደር ነው የምትኖሪው። ክራር ትደረድሪያለሽ፣ ትዘፍኛለሽ፣ እንጀራሽን ከሙዚቃ ማግኘት ትፈልጊያለሽ። አባትሽ «ዲግሪ ሳይኖርሽ አይሆንም» ብለዋል። ውጭ ያለው አጎትሽ ደግሞ አንድ የውጭ ኮሌጅ በኦንላይን የሚሰጠውን የሙዚቃ ዲግሪ አይቶ፣ የመጀመሪያውን ክፍያ እኔ እችላለሁ ብሎሻል። ልመዝገብ ወይስ አዲስ አበባ ሄጄ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ልሞክር ነው ያልሽው።

እኔ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ። ሰርግ ላይ ኦርጋን እጫወታለሁ፣ ሳውንድ እሠራለሁ፣ የልጆችን ነጠላ ዜማ እቀዳለሁ። ፕሮዳክሽንም የሙዚቃ ቢዝነስም የተማርኩት በኦንላይን ነው፤ አሁንም እየተማርኩ ነው። ስለዚህ በግልጽ ልንገርሽ፤ በኦንላይን ተማሪ። ለዲግሪው ግን አሁን ገንዘብ አታውጪ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ለዪ። በሙዚቃ መኖር ስትይ የትኛውን ሥራ ማለትሽ ነው? ዘፋኝ ወይም ክራር ተጫዋች መሆን አንድ ሥራ ነው። ማቀናበር ሌላ ነው። መቅዳትና ሚክስ ማድረግ ሌላ ነው። ለማስታወቂያና ለፊልም ሙዚቃ መሥራት፣ ማስተማር፣ የአርቲስት ማናጀር መሆን፣ ሁሉም የየራሱ መንገድ አለው። እዚህ ከተማ በሙያው ቤተሰብ የሚያስተዳድሩትን ሳይ፣ አብዛኞቹ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ የያዙ ናቸው። ጥር ላይ ከጥምቀት በኋላ ሰርጉ ይደራረባል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥራው ቀጥ ይላል። ያኔ ቤት ኪራይ የሚከፍልልሽ ሁለተኛው ሙያሽ ነው። ኦንላይን በደንብ የሚያስተምረውም ይሄንን ሁለተኛውን ነው።

ቅጂና ሚክስ እንውሰድ። ሥራው ራሱ ኮምፒውተር ላይ ነው። አስተማሪው ስክሪኑን ያሳይሻል፣ አንቺ ያንኑ በራስሽ ፋይል ላይ ትሞክሪያለሽ። ሪፐር የሚባለው ሶፍትዌር ለ60 ቀን በነፃ ይሞከራል፤ ለግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። ኖታ ለመጻፍ ሙዝስኮር በነፃ አለ። የሙዚቃ ቲዎሪም እንደዚሁ ነው፤ ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግም።

ግን ኮርሱ የት ድረስ እንደሚሄድ የገባኝ አንድ አዝማሪ ለመቅዳት ሲመጡ ነው። በኮርሱ የተማርኩት መጀመሪያ ክሊክ (ምት የሚቆጥር ድምፅ) አጫውት፣ ቀጥሎ ማሲንቆውን ለብቻ ቅዳ፣ ከዚያ ድምፅ ጨምር የሚል ነበር። ጋሼ ማሲንቆውን ጭናቸው ላይ አደላድለው፣ ደጋኑን አንድ ሁለቴ ሳብ አድርገው አቆሙ። «ልጄ፣ ማሲንቆው እኮ አፌን ነው የሚከተለው። እኔ ዝም ካልኩ ምን ብሎ ይሄዳል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ግጥሙ እዚያው ነው የሚፈጠረው፤ ስንኙ ሲረዝም ማሲንቆው ይጠብቃል፣ ሲያጥር ይቀድማል። ክሊኩን አጠፋሁት። ድምፃቸውንና ማሲንቆውን አንድ ላይ በሁለት ማይክ ቀዳሁ። እዚህ ላይ ደግሞ ኮርሱ ደረሰልኝ። ሁለት ማይክ አጠገብ ለአጠገብ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ድምፅ እያጠፋ ቀጭን ያደርገዋል። ስለዚህ በሁለቱ ማይኮች መካከል ያለው ርቀት እያንዳንዱ ማይክ ከሚቀዳው ነገር ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ መሆን አለበት። ማይኩን ከቆዳው ፊት ለፊት፣ ከደጋኑ ትንሽ ዘወር አድርጌ አስጠጋሁት፤ የጭራው ፍትጊያ ቀነሰ፣ ድምፁ ሞላ። ምን መቀዳት እንዳለበት የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። እንዴት እንደሚቀዳ ያወቅኩት ከኮርሱ ነው። አንቺ ሁለቱንም ትፈልጊያለሽ፤ አንዱን ደግሞ ከጎንደር ውጭ አታገኚውም።

በተለይ ቅኝት ላይ ተጠንቀቂ። የውጭ ኮርሶች በሙሉ ማለት ይቻላል ሜጀርና ማይነር ላይ የቆሙ ናቸው። ትዝታ ሜጀር ላይ ብዙ አትቸገሪም። አንቺ ሆዬን ግን ከሲ ጀምረሽ ብትደረድሪው ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። ውስጡ ኢ የለም፣ ጂ የለም። ያ ማለት ኮርሱ መጀመሪያ ያስተማረሽን የሲ ኮርድ (ሲ፣ ኢ፣ ጂ) ከቅኝቱ ውስጥ አትሠሪውም። በኮርሱ መንገድ ብቻ ካቀናበርሽው ዜማው ይለወጣል፤ አንቺ ሆዬ መሆኑ ይቀራል። ደግሞ የድሮ ተጫዋቾች ክራር የሚቃኙት በጆሮ ነው፤ ስልክ ላይ ያለው ቲዩነር ስህተት ነው ይልሻል እንጂ ስህተት አይደለም። ይሄን ሰው አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ካላሳየሽ በቪዲዮ አይገባሽም። ጎንደር ደግሞ ለዚህ የተመቸች ከተማ ናት። አዝማሪው እዚህ አለ። የዝማሬና የአቋቋም ሊቃውንቱ እዚሁ አሉ፤ በአታ ማርያም እስከ ዛሬ የአቋቋም ምስክር፣ ማለትም ሊቃውንቱ የሚመረቁባት፣ ናት። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት የቅዱስ ያሬድ ዜማዎች ሲባሉ በጆሮሽ ሰምተሽ መለየት የምትችዪበት ቦታ ላይ ተቀምጠሽ፣ ሙዚቃን ከስክሪን ብቻ መማር ያሳዝነኛል።

አብሮ መጫወትም በኦንላይን አይሆንም። ሁለት ሰው በአንድ ምት ለመሄድ በመካከላቸው ያለው መዘግየት ከ30 ሚሊሰከንድ ካለፈ ይቸገራሉ። በአየር ላይ ድምፅ በዚህ ጊዜ የሚሄደው 10 ሜትር ገደማ ነው። በኢንተርኔት ከሌላ አህጉር ጋር ሲሆን መዘግየቱ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ የኦንላይን ተማሪ ብቻውን ተጫውቶ፣ ቀድቶ ይልካል። ከበሮ መቺው ሲያፈጥን ምን ታደርጊያለሽ? ዘፋኙ ድንገት ቅኝት ቢቀይርስ? ይሄ የሚለመደው ሰርግ ላይ፣ ባህል ምሽት ቤት፣ ልምምድ ላይ ነው። ሥራ የሚጠሩሽም እነዚያው አብረውሽ የተጫወቱት ሰዎች ናቸው። እስካሁን ለሥራ የደወለልኝ ሰው ሁሉ ወይ ሲጫወት አጅቤዋለሁ ወይ ያጀብኩት ሰው ስልኬን ሰጥቶታል። ሰርተፊኬት አሳየኝ ያለኝ አንድም የለም።

አሁን ስለ መብት ላውራ፤ ይሄ የኦንላይን ትምህርት ካስገኘልኝ ሁሉ ትልቁ ነው። አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት የተለያየ ንብረት አለ። አንዱ ግጥምና ዜማው ነው። ሁለተኛው የተቀዳው ድምፅ ራሱ፣ ማስተር የምንለው ነው። ባለቤታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፣ ገንዘባቸውም በተለያየ መንገድ ነው የሚመጣው። በሀገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይሄን ይለያል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ከዋኙ፣ ማለትም ዘፋኙና ተጫዋቹ፣ እንዲሁም የድምፅ ቅጂ አዘጋጁ የየራሳቸው መብት አላቸው። አንዲት የማውቃት ዘፋኝ ልትፈርም ያለችውን ውል ይዛልኝ መጣች። አንድ ገጽ ነው። «ሙሉ መብቱን ለዘለቄታው አስተላልፌአለሁ» ይላል፤ የቱን መብት እንደሆነ፣ ዩቲዩብም ይጨምር እንደሆነ፣ ክፍያው አንድ ጊዜ ይሁን በመቶኛ ምንም የለም። ከመፈረሟ በፊት ቁጭ ብለን በጥያቄ ሞላነው። የግጥምና የዜማው መብት የእሷ ሆኖ ቀረ። ቃሉን ያወቅኩት፣ ምን እንደምጠይቅ ያወቅኩት ከዚያ ኮርስ ነው። ኮርሱ ሲያስተምር ግን የአሜሪካን ሕግ ነው የሚያስተምርሽ። ጽንሰ ሐሳቡን ከእሱ ውሰጂ፣ ሕጉን ከእኛው አዋጅ አንብቢ።

ዘፈንሽን ወደ ዓለም መድረኮች ማውጣትም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ዲስትሮኪድን በመሳሰሉ አከፋፋዮች በኩል ይላካል፤ እያንዳንዱ ቅጂ አይኤስአርሲ የሚባል ባለ 12 ፊደልና አኀዝ መለያ ይሰጠዋል። ገቢው ላይ ግን ተስፋሽን አትጣዪ። ስፖቲፋይ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ 1,000 ጊዜ ላልተደመጠ ቅጂ አይከፍልም።

ወደ ዲግሪው ልመለስ። ታዋቂዎቹ የኦንላይን የሙዚቃ ዲግሪዎች ጠቅላላ ዋጋቸው በአሥር ሺዎች ዶላር ነው የሚቆጠረው። አጎትሽ የመጀመሪያውን ይከፍላል። ሁለተኛውንስ? ሦስተኛውንስ? እዚህ በብር እየሠሩ በዶላር መክፈል ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። መሐል ላይ ከተቋረጠ እጅሽ ላይ ዲግሪ የለም። ደግሞ አባትሽ ዲግሪ ሲሉ ትምህርት ቤት ወይም መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስቀጥርሽን ማለታቸው ከሆነ፣ የውጭ ዲግሪ አቻ ግምት፣ ማለትም ከሀገር ውስጡ ዲግሪ እኩል ነው የሚል ማረጋገጫ፣ ማግኘት አለበት። አንድ ሳንቲም ሳይወጣ፣ ይሄ ኮሌጅ በኦንላይን የሚሰጠው ዲግሪ አቻ ግምት ያገኛል ወይ ብለሽ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ጠይቂ።

ያሬድ ጥሩ ሐሳብ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ፣ ተፈትነሽ የምትገቢበት፣ የባህል መሣሪያም በዋናነት የሚሰጥበት ትምህርት ቤት ነው። ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ግን ከአንቺ ጋር የሚማሩት ልጆች ናቸው። ነገ አቀናባሪው፣ ቤዝ ተጫዋቹ፣ አስተማሪው እነሱ ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄን ብዙ ሰው ይጠቅሳል። ቦስተን ባለው በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የተማረ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነው ይባልለታል፤ ትምህርት ቤቱም በ2012 እ.ኤ.አ. የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። እሱ ግን ቦስተን ሄዶ፣ ከሰው ጋር በአንድ ክፍል እየተጫወተ ነው የተማረው። ከዚያ ትምህርት ጋር ያጋባውም የራሳችንን ቅኝቶች ነው። የኦንላይን ማስታወቂያ ላይ የበርክሊን ስም ስታዪ ሁለቱን አንድ አታድርጊያቸው።

ኢንተርኔቱንም አስቢበት። በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት የጠፋበትን ጊዜ አልረሳነውም። ቪዲዮ ቢቀር፣ ፋይል መላኩ ራሱ ከባድ ነው። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀዳ አንድ ሞኖ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ይወስዳል። አሥር ትራክ ያለው የአራት ደቂቃ ዘፈን ወደ 345 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። የቤት ሥራው የሚሰጥበት ቀን ደግሞ መብራት መጣ ሄደ ብሎ አይጠብቅሽም። ትምህርቱን አውርደሽ ከኔትወርክ ውጭ ማየት የምትችዪበትን፣ ቀነ ገደቡ የማይጫንሽን ኮርስ ምረጪ።

እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው። በርክሊ ራሱ ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ላይ አጫጭር ኮርሶች አሉት። ድረ ገጹ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለው፤ እሱን ሞክሪ። አንዱን ብቻ ያዢና እስከ መጨረሻው ድረስ ጨርሺ። ብዙ ሰው የሚጀምረውን አይጨርስም፤ አንቺ በመጨረስሽ ይሄ የትምህርት ዓይነት ለባሕሪሽ ይስማማ እንደሆነ ብዙ ሳታወጪ ታውቂያለሽ። ጎን ለጎን የክራር አስተማሪ እዚሁ ያዢ፣ በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን። የአጎትሽን ገንዘብ ወደ ዕቃ እንዲያዞረው ለምኚው፤ ሁለት ቻናል ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ ዕቃ)፣ አንድ ደህና ማይክ፣ የተዘጋ ሄድፎን፣ የሚሠራ ላፕቶፕ። ዕቃው ከውጭ ሲመጣ በሰው እጅ ቢመጣ ይሻላል።

አባትሽን በተመለከተ፣ ልክ ናቸው። ውጤትሽ ከፈቀደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ወይም ማኔጅመንት ተማሪ የሚል ሐሳብ አለኝ። ከክራሩ አያርቅሽም፣ ከቤትም አትወጪም፤ ለሙዚቃ ውልና መብት የሚሆን ሰው ደግሞ እዚህ ከተማ በጣም ነው የሚያስፈልገን። ያሬድን ካልሽ ግን ለፈተናው የሚሆን ሁለት ዜማ ከአሁኑ ምረጪ፤ አንዱ ትዝታ፣ አንዱ አንቺ ሆዬ ይሁን። ከእሑድ ውጭ ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ ነኝ። ክራርሽን ይዘሽ ከአባትሽ ጋር ነዪ፣ ሁለቱንም በነፃ እቀዳልሻለሁ። ለአጎትሽም ትልኪለታለሽ።