የእንጆሪ አምራቾች አገር አቀፍ ምክር ቤት ይኑራቸው? ጥያቄና መልስ ከሐረር

በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ እንጆሪ (ስትሮቤሪ) የሚያለሙ ሰዎች፣ ምርቱን የሚያስተዋውቅና ምርምር የሚያስደርግ አገር አቀፍ አካል ስለማቋቋም ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ የኅብረት ሥራ ማኅበር እያለን ሌላ አካል ለምን ያስፈልገናል?

መልስ፦ ማኅበር የአባላቱን ምርት ይሸጣል፣ ግብዓት ይገዛል። እኔ የምለው አካል ግን አይሸጥም፤ ከእያንዳንዱ ኪሎ ላይ በሕግ የተወሰነ ጥቂት ሳንቲም ሰብስቦ ለሁሉም አምራች በሚጠቅም ሥራ ላይ ብቻ ያውላል። አንድ ገበሬ በገዛ ገንዘቡ እንጆሪን ቢያስተዋውቅ ጎረቤቱም እኩል ስለሚጠቀም፣ መዋጮው በፈቃደኝነት ብቻ ከሆነ ቀድሞ የሚከፍል አይገኝም።

ጥያቄ፦ በሌላ አገር የተሞከረ ነው?

መልስ፦ አዎን። አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት የብሉቤሪ አምራቾች በ2000፣ ለማቀነባበሪያ የሚሆን ራስቤሪ አምራቾች ደግሞ በ2012 ምክር ቤት አቋቁመዋል። የራስቤሪው መዋጮ ሲጀመር በፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) አንድ የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ አስመጪዎችም ይከፍሉ ነበር፣ ይህንንም እኛ ልብ ልንለው ይገባል። (በነገራችን ላይ፣ ከእሾሃማው ቁጥቋጦ የምንለቅመው የዱር እንጆሪ የራስቤሪ ዘመድ ሲሆን፣ እርሻችን ላይ ካለው ጋር የሚጋራው ስሙን ነው።)

ጥያቄ፦ ሁለት መደብ ብቻ ያለኝ እኔም እከፍላለሁ?

መልስ፦ መክፈል የለብዎትም ባይ ነኝ። በራስቤሪው ሥርዓት በዓመት ከ20,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ90 ኩንታል ገደማ በታች የሚያመርት ከመዋጮው ነፃ ነበር። የእኛ ወለል (መክፈል የሚጀመርበት የምርት መጠን) ከዚህ ዝቅ ማለቱ ባይቀርም ወለል መኖሩ ግድ ነው።

ጥያቄ፦ ዋጋ ያስወስንልናል?

መልስ፦ አያስወስንም። በአሜሪካ ገንዘቡን ሕግ ለማስለወጥ መጠቀምም ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው ይቅደም ወይስ ምርምሩ?

መልስ፦ በእኔ ግምት ምርምሩ ይቅደም። እንጆሪ ከተቀነጠሰ በኋላ አይበስልም፤ ስለዚህ ቀልቶ መለቀም አለበት፣ ቀልቶ የተለቀመው ደግሞ በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ከሐረር በጠዋት በላስቲክ ባልዲ ተሞልቶ ሚኒባስ ላይ የተጫነ እንጆሪ የደንገጎን ቁልቁለት ወርዶ ድሬዳዋ ጁስ ቤት ሲደርስ፣ ከላይ ያለው ያምራል፤ እጅ ወደ ታች ሲገባ ግን ግማሹ ተጨምቆ ውኃ ይዟል። ይህን ዕቃ በራዲዮ ብናስተዋውቀው ገዢው አንድ ጊዜ ይገዛና ይተወናል። ጥልቀት የሌለው መያዣ፣ ሳይታጠብ ማጓጓዝ፣ በተለቀመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዝ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከበሽታ የጸዳ ችግኝ መጀመሪያ መጠናት አለባቸው። ዛሬ ከአሮጌ ማሳ እየቆረጥን የምንተክለው ሐረግ የእናቲቱን በሽታ ይዞ ይመጣል። ለዚህ አዲስ ሕንፃ መገንባት አያስፈልግም፤ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፣ ገንዘቡም በውድድር ለተመራማሪዎች ይሰጥ።

ጥያቄ፦ የማይስማማ ሰው በግድ መክፈሉ ፍትሐዊ ነው?

መልስ፦ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2001 እ.ኤ.አ. የእንጉዳይ አምራቾችን የማስታወቂያ መዋጮ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል፣ በ2005 ደግሞ የበሬ ሥጋውን፣ መልእክቱ የመንግሥት ነው በማለት አጽንቶታል። እኔ በፍርድ ቤት ክርክር ከመተማመን ይልቅ፣ አምራቾች በየጥቂት ዓመቱ ድምፅ ሰጥተው አካሉን ማፍረስ የሚችሉበት አንቀጽ በመመሥረቻው ውስጥ እንዲገባ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ከምን እንጀምር?

መልስ፦ ማን፣ የት፣ በሳምንት ስንት ኪሎ እንደሚለቅም ከሚያሳይ መዝገብ እንጀምር፤ መራጩም ከፋዩም የሚታወቀው ከዚያ ነውና።