ኦፕን ሶርስ ተጠቅሞ ሶፍትዌር መሸጥ፦ የአራት ኪሎ ቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ሶፍትዌር ጽፈን የምንሸጥ ጥቂት ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ፎቅ ላይ እንገናኛለን። ባለፈው ስለ ኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር) ፈቃድ «ያሻችሁን ጠይቁኝ» ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ማኪያቶዬ በረዶ ሆነ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ዋጋ ከፍዬ የተማርኩ ዴቨሎፐር ነኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለፋርማሲ የሠራሁት ፕሮግራም ውስጥ የጂፒኤል ላይብረሪ (ጂፒኤል በሚባል የኦፕን ሶርስ ፈቃድ የወጣ፣ ሌሎች የጻፉት ኮድ) አለ። መሸጥ አልችልም ማለት ነው?

መልስ፦ ትችላለህ። ጂፒኤል መሸጥን አይከለክልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚጠይቅህ ሌላ ነገር ነው፦ ፕሮግራሙን የወሰደው ፋርማሲ ሶርስ ኮዱንም (አንተ የጻፍከውን) የማግኘት መብት አለው፤ አባዝቶ ለጎረቤቱ ቢሰጠውም መከልከል አትችልም። ከላይብረሪው ጋር አንድ ፕሮግራም ሆኖ ከወጣ ያንተም ኮድ በዚያው ፈቃድ ይሄዳል። ላንድ ሸጠህ የሌሎቹን ገበያ ልታጣ ትችላለህ። እንደ ኤምአይቲ ወይም አፓቺ ያለ፣ ኮድህን ክፈት የማይል ፈቃድ ያለው ምትክ ፈልግ።

ጥያቄ፦ እኔ ኮፒ አልሰጥም። ሰርቨር ላይ አድርጌ በየወሩ ነው የማስከፍለው።

መልስ፦ ከጂፒኤል ያ ያድንሻል፣ ግዴታው የሚመጣው ኮፒ ሲሰጥ ነውና። ከዘመዱ ፈቃድ ከኤጂፒኤል ግን አያድንሽም፤ የተጻፈው ይህንኑ ቀዳዳ ለመድፈን ነው። ኮዱን አሻሽለሽ በኔትወርክ ሰው ካስጠቀምሽበት፣ ለተጠቃሚው ሶርሱን ማቅረብ አለብሽ።

እኔን ያገኘኝም እሱ ነው። የትምህርት ቤት ሥርዓታችንን አንድ የውጭ ድርጅት ሊገዛ መጣ። ጠበቃቸው ዋጋውን ሳያነሳ በመጀመሪያ የጠየቀን «ውስጡ ያሉትን ላይብረሪዎች ከነፈቃዳቸው ዘርዝሩልን» ብሎ ነው። የክፍያ ደረሰኝ በፒዲኤፍ የምናወጣው አይቴክስት በሚባል ላይብረሪ ነበር። አይቴክስት ከስሪት 5 ጀምሮ ወይ ኤጂፒኤል ነው ወይ የንግድ ፈቃድ ይገዛል፤ እኛ አንዱንም አላደረግንም። አንዱ ልጅ ከአንድ ማስተማሪያ ላይ ቀድቶ አስገብቶት፣ ማንም ሳያየው ዓመታት ኖሯል። ነቅለን በሌላ እስክንተካው ሁለት ወር ፈጀ፤ ገዢውም በዚያ ሰበብ ዋጋ አወረደብን።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ግን እዚህ አገር ማን ይከሰኛል?

መልስ፦ ይህን የጠየቀው ልጅ ሳቅ አስነስቶ ነበር፤ ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ይጠብቃል፤ ፈቃዱን ከጣስክ ደግሞ ያለ ፈቃድ ያባዛህ ትሆናለህ። ያም ሆኖ እኔ የምፈራው ችሎቱን ሳይሆን ገዢውን ነው፦ ባንክ፣ ኢንቨስተር፣ የውጭ ደንበኛ። ውጭ አገር እንደሆነ ክሱም አለ። ጎስትስክሪፕት የሚባለውን የፒዲኤፍ ሶፍትዌር የሚሠራው አርቲፌክስ፣ የኮሪያውን ድርጅት ሃንኮምን «ጎስትስክሪፕትን ተጠቅሞ ኮዱንም አላወጣም፣ የንግድ ፈቃድም አልገዛም» ብሎ አሜሪካ ከሰሰው። ሃንኮም ክሱ እንዲዘጋለት ቢጠይቅም በ2017 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ በኋላ ተስማሙ።

ጥያቄ፦ ኦዱና ኢአርፒኔክስት በሚባሉት የንግድ ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌሮች ላይ የራሳችንን ጨምረን ለነጋዴ እናስገባለን። እኛስ?

መልስ፦ ሁለቱን አንድ አታድርጓቸው። የኦዱ ኮሚኒቲ (ነፃው) ስሪት ከጂፒኤል የላላው ኤልጂፒኤል ነው፤ ራሳችሁ የጻፋችሁት ሞጁል የራሱ ፈቃድ ሊኖረው ይችላል፣ የኦዱን ኮድ ከነካችሁ ግን የነካችሁት በኤልጂፒኤል ይቀራል። ኢአርፒኔክስት ጂፒኤል ስሪት 3 ነው፤ የተሠራበት ማዕቀፍ ፍራፔ ደግሞ ኤምአይቲ። በፍራፔ ብቻ የቆመ ሥራ ከጂፒኤል ነፃ ነው። የኢአርፒኔክስትን ኮድ የሚጠራውን ግን ለደንበኛ ስትሰጡ ጂፒኤል ነው ብላችሁ ተነሱ። ገንዘባችሁን ከተከላው፣ ከሥልጠናውና ከጥገናው አግኙት። መርካቶ ያለ ነጋዴ ሶርስ ኮድ አይጠይቃችሁም፤ ሲስተሙ ሲቆም ስልክ የሚያነሳለት ሰው ነው የሚፈልገው።

ጥያቄ፦ ኤምአይቲ ምንም ግዴታ የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው፣ ትንሽ ናት። የባለመብቱን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ አትሰርዝ። «ስለ ሶፍትዌሩ» የሚል ገጽ ሠርተህ እዚያ አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ሰው ኮዱን በሚያጋራበት ጊትሃብ ላይ ምንም ፈቃድ ያልተጻፈበት ኮድስ?

መልስ፦ ፈቃድ ካልተጻፈበት ፈቃድ የለህም። ለባለቤቱ ጻፍለትና ጠይቀው፤ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይጨምሩታል።

ጥያቄ፦ ለቪዲዮ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለውን ፕሮግራም እጠቀማለሁ። ኤልጂፒኤል ነው ብለውኛል።

መልስ፦ በመሠረቱ አዎ። ቪዲዮ ከሚያምቀው ላይብረሪ ከኤክስ264 ጋር ከተገነባ ግን ጂፒኤል ይሆናል፣ ከኢንተርኔት ተዘጋጅተው የሚወርዱትም ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው። ፕሮግራሙን በ-version ትዕዛዝ ስሪቱን ጠይቀው፤ በምን ምርጫዎች እንደተገነባ ይዘረዝርልሃል። ጂፒኤል የሚል ቃል ካየህ እሱን ትተህ ሌላ አውርድ፣ ወይም ራስህ ገንባው።