ቀለበቱን ከየት ትወረውራላችሁ?

ልጆቼ፣

በብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ 22 ዓመት የብድር ማመልከቻ ሳገላብጥ ኖሬአለሁ። ከግቢ ወጥቶ ሥራ ልጀምር የሚል ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚነግረኝ ደፋር መሆኑን ነው። ከድፍረቱ ይልቅ ደብተሩን ባይ ደስ ይለኛል።

አንዱ 40 ገጽ ጥናት አስጠርዞ መጣ። 5,000 እንቁላል ጣይ ዶሮ ሊያረባ ነው። «አንዷ በቀን ስንት ግራም መኖ ትበላለች?» አልኩት። ዝም። ወደ 120 ግራም ነው፤ ጣሉም አልጣሉም 5,000ዎቹ በቀን 6 ኩንታል ይጨርሳሉ። በዚያው ሳምንት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ 40 ቄብ መግዣ ልትጠይቅ መጣች። ዶርም ውስጥ የተቀቀለ እንቁላል ስትሸጥ የመዘገበችበትን ደብተር ይዛለች፦ የተገዛ፣ የተሰበረ፣ በዱቤ የሄደ። ሁለት ስም በቀይ ተሰርዟል። «ከፈሉሽ?» ስላት «አይ፣ ተውኩላቸው። ዳግመኛ ግን አልሰጣቸውም» አለችኝ።

ዴቪድ ማክሌላንድ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ሰዎችን ቀለበት እየወረወሩ እንጨት ላይ እንዲያስገቡ ያደርግ ነበር፤ ርቀቱን የሚመርጡት ራሳቸው ናቸው። ለስኬት የሚተጉት ሥሩ አይቆሙም፣ በዕድል ካልሆነ ከማይገባበት ሩቅ ቦታም አይቆሙም፤ መሐል ላይ ናቸው። ልጅቷ የቆመችው እዚያ ነው። ይህ ደግሞ አብሮ የሚወለድ ብቻ አይደለም፤ ማክሌላንድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሕንድ ውስጥ ካኪናዳ በምትባል ከተማ ነጋዴዎችን አሠልጥኖ ለውጥ አይቷል።

ሌላው ነገር «የአርባ ቀን ዕድሌ» የምንላት ነች። ጁልየን ሮተር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው መጠይቅ የለካው ይህንኑ ነው፦ የሚገጥመኝ ከእኔ ነው ወይስ ከውጭ? እኔ በ26 ዓመቴ ካምፓስ በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ከፍቼ በስምንት ወር ዘጋሁ። ለዓመታት የመብራት መጥፋት ነው ያከሰረኝ እያልኩ አወራሁ። ጎረቤቴም መብራት ይጠፋበት ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን ተቀብሎ «ጠዋት ውሰዱ» ይልና መብራት ሲመጣ ሌሊት ያትማል። እኔ ቆልፌ ቤቴ እገባ ነበር።

ይህን ስል ዋስ ለሌለው ልጅ «በራስህ እመን» ብቻ ብሎ መሸኘትም ግፍ ነው። አባቱ የቤት ካርታ ያለውና የሌለው እኩል አይወድቁም። ልጅቷም የሚያስይዝላት አልነበራትም፤ ሦስት ተማሪዎች በቡድን ዋስትና ፈረሙላት። አንደኛው በቀይ ከተሰረዙት ሁለት ስሞች አንዱ ነበር።