«ተስክ» ከሰረ የሚባለው ለምንድን ነው? የትኛውስ ቅጂ ይሻላል?

ወንድሜ፣ የእንግሊዝና አሜሪካ ሮክ ባንድ የፍሊትዉድ ማክ አልበም «ተስክ» 4 ሚሊዮን ያህል ተሸጦ ሳለ ለምን ከሰረ እንደሚባልና የትኛው ቅጂ እንደሚሻል ጠይቀሃል።

ከሰረ የተባለው ከታላቅ ወንድሙ ጋር ስለተለካ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚሁ ባንድ አልበም «ሩመርስ» በአሜሪካ ሰንጠረዥ 31 ሳምንት አንደኛ ነበር፤ «ተስክ» በኦክቶበር 1979 ሲወጣ የ«ሩመርስ» ሽያጭ 10 ሚሊዮን አልፏል። «ተስክ» እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ቢወጣም አሜሪካ ላይ 4ኛ ሆኖ ቀረ። ለቀረጻው ደግሞ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል።

ዋናው እንቅፋት ዋጋው ነው። ሁለት ሸክላ፣ 20 ዘፈን፣ 15.98 ዶላር፤ የባለ አንድ ሸክላ አልበም እጥፍ ገደማ። ያውም የአሜሪካ የሸክላ ገበያ በወረደበት ዓመት። በዚህ ላይ አር.ኬ.ኦ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሙሉውን አልበም ገበያ ላይ ሳይውል አሰሙት፤ ሰዉም በካሴት ቀዳው። የባንዱ ከበሮ መቺ ሚክ ፍሊትዉድ ለሽያጩ ማነስ ምክንያት የሚያደርገው ይህን ነው። እኔ ግን ዋጋውን አስቀድማለሁ፤ ወደ ካሴት የሄደውን ሰው መጀመሪያ ያስደነገጠው ዋጋው ነውና።

ሌላው ሙዚቃው ራሱ ነው። የባንዱ ጊታሪስትና ዘፋኝ ሊንዚ ባኪንግሃም «ሩመርስን» መድገም አልፈለገም። ከራሱ ዘፈኖች አንዳንዶቹን ቤቱ ውስጥ፣ መታጠቢያ ክፍል ጭምር፣ የሶፍት ካርቶን እንደ ከበሮ እየመታ ቀረጸ። ከ20ዎቹ 9ኙ የእሱ፣ 6ቱና 5ቱ ደግሞ የባንዱ ሴት ዘፋኞች የክሪስቲን ማክቪና የስቲቪ ኒክስ፣ በቅደም ተከተል፣ ናቸው። አልበሙ በክሪስቲን ለስላሳ «ኦቨር ኤንድ ኦቨር» ይከፈትና ወዲያው የሊንዚ ሸካራ «ዘ ሌጅ» ይከተላል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ የወጣው ነጠላ ዜማም «ተስክ» ራሱ ነበር፤ በዶጀር ስታዲየም ከሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማርሽ ባንድ ጋር የተቀረጸ፣ ከበሮ የሚበዛበት ዘፈን። አሜሪካ ላይ 8ኛ ደረጃ ደርሷል፤ ግን የ«ሩመርስ»ን ዘፈን «ድሪምስ»ን የመሰለ ዜማ ለሚጠብቅ አድማጭ እንግዳ ነበር። የስቲቪ «ሳራ» ተከትሎ 7ኛ ወጣ።

ስትገዛ የምታጣራው ይህንኑ «ሳራ»ን ነው። የ1987ቱ ሲዲ አልበሙን በአንድ ዲስክ ለማስገባት ሲባል ዘፈኑን ወደ አራት ደቂቃ ተኩል ግድም ቆርጦታል። ሸክላው ላይ ያለው ከ6 ደቂቃ በላይ ነው፤ የ2004ቱ እትምም ሙሉውን መልሷል። ያገለገለ ሲዲ ካገኘህ ሳትከፍል በፊት የ«ሳራ»ን ርዝመት እይ። ያገለገለ ሸክላ ከሆነ ሁለቱም ሸክላዎች በሽፋኑ ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጥ።

20ውንም በአንድ ጊዜ አትስማ፤ ጆሮ ይደክማል፣ የሦስቱ ደራሲዎች ልዩነትም ይጠፋብሃል። ሸክላው አራት ገጽ፣ እያንዳንዱ ገጽ አምስት ዘፈን ነው፤ በስልክም ብትሰማ አምስት አምስቱን ለየው። ከመጀመሪያው ጀምር እንጂ የሊንዚን አትዝለል፤ ከ«ዘ ሌጅ» በኋላ የሚመጣው «ቲንክ አባውት ሚ» የሚጥመው ስለዚያ ነው። ሦስተኛው ገጽ ስትደርስ «ብራውን አይስ» መጨረሻ ላይ ጆሮህን ጣል፤ ያ ጊታር የባንዱ መሥራች የፒተር ግሪን ነው፣ ስሙ ግን ሽፋኑ ላይ አልተጻፈም።