ዳዊት ይዤ እንቅልፍ ይጥለኛል

ጥያቄ፦ እናቴ በስትሮክ ከወደቀች ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ የማስታምማትም እኔ ብቻ ነኝ። ቀድሞ ሌሊት ተነሥቼ ውዳሴ ማርያምና የዕለቱን ዳዊት ሳላደርስ ሥራ አልጀምርም ነበር። ዛሬ ግን ዳዊቴን እንደ ያዝሁ እንቅልፍ ይጥለኛል፤ ባልተኛም ልቤ ባዶ ነው። ጎረቤቶቼ «ፈተና ነው፣ ጸሎትሽን ጨምሪ» ይሉኛል። እጨምርና በሦስተኛው ቀን እተወዋለሁ፤ ከዚያ ሳምንቱን ራሴን ስወቅስ እሰነብታለሁ። እግዚአብሔር አዝኖብኝ ይሆን?

እኅታችሁ፣ ከደሴ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ እግዚአብሔር እናትዎን ይማርልዎ። የጎረቤቶችዎ ምክር ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ለዛሬው አቅምዎ የሚስማማ አይመስለንም። ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ በምድረ በዳ ከዛፍ ሥር ተጋድሞ ሞትን በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ ቀስቅሶ ያዘዘው ጸሎት እንዲጨምር ሳይሆን እንዲበላ ነበር። በልቶና ጠጥቶ ተመልሶ ቢተኛ እንኳ አልተገሠጸም፤ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» ተባለ እንጂ። አርባ ቀንና አርባ ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው (1ኛ ነገሥት 19)።

ስለዚህ የጸሎት ደንብዎን ያሳንሱት እንጂ አይተዉት። ቤተ ክርስቲያን ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ሠርታልናለች፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ በሽተኛ የሚያገላብጥ ሰው ግን ሁሉንም በምልዓት ላድርስ ቢል ሁሉንም ያጣል። ጠዋት አቡነ ዘበሰማያት፣ ማታ አንድ መዝሙር፣ መቆም ቢያቅትዎ ተቀምጠው ያድርሱ። ልኩን ግን ለብቻዎ አይወስኑት፤ ራሳችን ለራሳችን የምንሠራው ደንብ ወይ ከአቅም በላይ ወይ ለስንፍና የተመቸ ይሆናልና፣ የንስሐ አባትዎ ቤትዎ መጥተው፣ ያሉበትንም አይተው ይወስኑልዎ።

የልብ ባዶነት የቁጣ ምልክት አይደለም። መዝሙር 87ን (በአንዳንድ እትሞች 88ን) ያንብቡ፤ አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙራት ወደ ምስጋና ሲዞሩ፣ ይህ በጩኸት ጀምሮ በኀዘን ያበቃል። ያም ሆኖ ከዳዊት አልወጣም፤ ምእመናንም እስከ ዛሬ ይደግሙታል። እርስዎም ልብዎ ያልሞላውን ምስጋና ለመናገር አይታገሉ፤ ያለውን ይናገሩ።

«ማስታመሙ ራሱ ጸሎት ነው፣ ሌላ አያስፈልግሽም» የሚሉዎትም አይጠፉ ይሆናል። ጌታችን «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ማለቱ ምግባርዎን እጅግ ያከብረዋል፤ ሆኖም አድካሚ ምግባር ከጸሎት ሲለይ ወደ ምሬት እንደሚያዘነብል የሚያስታምም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ትንሿን ደንብ አጥብቀው እንዲይዙ የምንመክርዎም ስለዚህ ነው።

ጎረቤቶችዎን ደግሞ፣ ስለ ጸሎትዎ ይህን ያህል ካሰቡ፣ እሑድ እሑድ አስቀድሰው እስኪመለሱ ድረስ አንዳቸው እናትዎ ዘንድ እንዲቀመጡ ይጠይቋቸው።