ማሽኑን ከመፍታታችሁ በፊት

ማሽን የምትጠግኑ ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በዱቄት ፋብሪካ ጥገና ነው። ጡረታ ወጥቼ ልጄ ጋ ዋሽንግተን ዲሲ ስመጣ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ፒርስ ሚል የሚባል የውሃ ወፍጮ አለ፤ እሱን ካየሁ ወዲህ መዋያ አገኘሁ። ዲሲ ያላችሁ በመኪና አጠገቡ ታልፋላችሁ፣ አትወርዱም። ውረዱ!

ቤቱ ድንጋይ ነው። አይዛክ ፒርስ የሚባል ባለርስት በ1829 አሠራው (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ባሪያዎችም ነበሩት፤ ግድግዳውን ብቻ አድንቄ ይህን ባልፈው ደስ አይለኝም። በ1897 ማሽኑን የሚያዞረው ዘንግ ተሰበረና ወፍጮው ቆመ። ከዚያማ ሻይ ቤት ሆኖ አረፈው። በ1930ዎቹ መንግሥት ማሽኑን መልሶ አሠራለት፣ በ1993 ደግሞ ተበላሸ፣ የወፍጮው ወዳጆች ገንዘብ አሰባስበው ተጠገነና በ2011 እንደገና መፍጨት ጀመረ።

አሁን ወደ ሆዱ ግቡ። ውጭ ያለው መንኮራኩር ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። ውስጥ ግን ትልቁ ማርሽ ትንሹን ሲያዞር ፍጥነቱ ይጨምርና የላይኛው ድንጋይ ይከንፋል፣ የታችኛው ንቅንቅ አይልም። ኦሊቨር ኢቫንስ የሚባል አሜሪካዊ በ1790 ፓተንት (የፈጠራ መብት) ያወጣበት ዘዴም እዚያው አለ፦ ቺንጋ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ባልዲዎች ዱቄቱን ፎቅ ያወጡታል፣ እዚያ አንድ የሚዞር ጥርስ ያለው እንጨት እየበተነ ያቀዘቅዘዋል። ስሙ ሆፐር ቦይ ነው፤ «ቦይ» በእንግሊዝኛ ልጅ ማለት ነው፣ ድሮ ያንን ሥራ የሚሠራው ልጅ ነበራ።

እኔን ያስቆመኝ ግን የማርሹ ጥርስ ነው። እንጨት ነው። አንድ ነገር ከተቀረቀረ የሚሰበረው እሱ ነው፤ አናጺ ይቀርጽና ይተካዋል፣ ዘንጉና ድንጋዩ ይተርፋሉ።

ወጣት ሳለሁ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የእህል ማጓጓዣው ላይ እንዲሰበር ተብላ የተሠራች ለስላሳ ፒን ነበረች። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ተሰበረች። ሰለቸኝ፣ ጠንካራ ቡሎን አስገባሁበትና «በቃ፣ ተገላገልኩ» ብዬ ተኛሁ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጠሩኝ። ካምቢዮው (የማርሾቹ ሳጥን) ተሰንጥቆ ዘይቱ ወለሉን ሞልቶታል። ለካ ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቆ ዘንጉ እየተጣመመ ነበር፤ ፒኗ ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፣ እኔ አፏን ዘጋሁት።

እና ደጋግሞ የሚሰበር ዕቃ ስታገኙ ቶሎ አታጠንክሩት። ኃይሉ ከሚገባበት ተነሱና እስከ መጨረሻው ድረስ በዓይናችሁ ተከተሉት፣ አድምጡት፣ ኩሽኔታውን በእጃችሁ ዳስሱት። በላፕቶፕ መመርመሩ በኋላ ይደርሳል።

መጀመሪያ ቀን ከድንጋዩ የወጣውን ዱቄት በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል አሸት አደረግኩት፣ ሙቀቱንና ልስላሴውን ለማየት። ወፍጮውን የሚያስፈጨው ሰውዬ አየኝና ሳቀ። ፋብሪካ ሠርተው ያውቃሉ ወይ አላለኝም። የት ነው የሠሩት ነው ያለኝ።